አስቻለችና የቆመው ተራ

አስቻለች ሀብተ ማርያም ሰው አታምንም ይባላል። የሚጠሏት ብቻ ሳይሆኑ የሚወዷትም ይህንኑ ይላሉ። ጂንካ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ ደንበኛ ሲገባ ከፊቱ በፊት እጁን ታያለች። አንድ ጊዜ ምስክር ወረቀት ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሰው የያዘው ማኅተም የተሣለ መሆኑን ያወቀችው፣ ክቡ በአንድ በኩል ትንሽ ወፈር ስላለባት ነው። ሰውየው ወረቀቱን ተቀብሎ ሳይሰናበት ወጣ። ሁለት ጊዜ ታጭታ ሁለቱንም ራሷ አፍርሳዋለች። ሁለተኛውን ያፈረሰችው ስልክ ሲደወልለት ውጭ ወጥቶ ስለሚያነጋግር ነበር። በኋላ እንደተሰማው፣ ሰውየው ይወጣ የነበረው ኔትወርክ ፍለጋ ነው።

ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጣችው የሚያውቁ ያውቃሉ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ጠባቂ ነበሩ፤ ከመጋዘን ዕቃ አሽሽተዋል ተብለው ሃያ ሁለት ቀን ታሰሩ። ዕቃው እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ተገኘና ተፈቱ። የጠቆማቸው ሰው ግን በየበዓሉ ከገበታቸው የማይጠፋ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ። እናቷ አረጋሽ ነገሩን ለእግዜር ሰጥተው ተዉት። አስቻለች አልተወችውም፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅላት ጥርሱን ትቆጥራለች።

ኮምፒውተር የወደደችውም በዚሁ ምክንያት ነው። የነገሩትን ያደርጋል፣ ያልነገሩትን አያደርግም ብላ አሰበች። በ2012 ኮሮና ገብቶ መሥሪያ ቤቶች ሲዘጉና ኮፒ ቤቱ ሲቀዘቅዝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጣ ፕሮግራም መጻፍ መማር ጀመረች። የያዘችው ቋንቋ መስኮቶችን፣ ቁልፎችንና ዝርዝሮችን ስክሪን ላይ ለመሥራት የሚያገለግል ነው። ሌላውን የኮምፒውተር ቋንቋ እንደ ቀን ሠራተኛ ‹ይህን አንሣ፣ እዚያ አኑር፣ ቀጥለህ ያንን› እያሉ በተራ ያዙታል። ይሄኛው እንዲህ ያለ ትእዛዝ አይወድም። ‹የዚህ ሳጥን ስፋት የመስኮቱ ግማሽ ነው› ብለው ይነግሩታል፤ መስኮቱ ሲሰፋ ሳጥኑ ራሱ ይሰፋል።

አስቻለችን ያስጨነቃት ይህ ‹ራሱ› የሚባለው ነገር ነበር። ማን ነው የሚያሰፋው? መቼ? የሚሠራው ሳይታይ የሚሠራ ሥራ ደስ አይላትም። በመጀመሪያው ቀን ቀይ ሳጥን ጻፈች፤ ስክሪኑ ላይ ምንም አልወጣም። ፕሮግራሙን በፍላሽ የሰጣትን ልጅ የተበላሸ ነገር ጭኖብኝ ነው ብላ ጠረጠረችው፤ ሁለት ቀን ሰላምታ ነሳችው። ጥፋቱ የራሷ ነበር። ለሳጥኑ ቀለም እንጂ ስፋትና ቁመት አልሰጠችውም፤ ቁመት የሌለው ነገር ደግሞ ቢኖርም አይታይም። በሌላ ቀን ሳጥኑ በጽሑፉ ልክ ይሁን፣ ጽሑፉም በሳጥኑ ልክ ይሁን ብላ ጻፈች። ሁለቱ በር ላይ ቆመው ‹አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም› እንደሚባባሉ ሽማግሌዎች ሲገባበዙ፣ ፕሮግራሙ በቀይ ጽሑፍ እሪ አለ። አንደኛው የራሱ ልክ እንዲኖረው ስታደርግ ጸጥ አለ። እንዲህ እንዲህ እያለች፣ አንዱን ስትጠረጥር ሌላውን ስታገኝ፣ ቋንቋውን ለመደችው።

በ2014 ሰሊማ መጣች። ሰሊማ የጅምላ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ የመመረቂያ ሥራዋን ልታሳትም ወደ ኮፒ ቤቱ ገብታ፣ አስቻለች የምትጽፈውን ቆማ አይታ፣ እዚያው ቀረች። አንዷ ለአንዷ የምትመች ሆነች። አስቻለች ዝግ ብላ ሁሉን ትመረምራለች፤ ሰሊማ ፈጥና ትሠራለች። የመድኃኒት ቤት ዝርዝር ሠሩ፤ የአንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍልም አሠራቸው። ሰሊማ «እትዬ አስቹ» እያለች ትጠራታለች። አስቻለችም በልቧ ወደደቻት፤ ሆኖም ሰሊማ የነካችውን ፋይል ሁሉ ማታ ስትሄድ ከፍታ ታያለች።

በ2015 መጋቢት መጀመሪያ የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀ መንበር የሆኑት አቶ ሰማኸኝ ወደ ኮፒ ቤቱ መጡ። መናኸሪያው ውስጥ በተራ ጉዳይ ጠብ በዝቷል፤ ሹፌሩ ተራ አስከባሪውን ያማል፣ ተራ አስከባሪው ሹፌሩን። ማኅበሩ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቷል፤ ተረኛው መኪና ማን እንደሆነ ሰው ሁሉ እንዲያየው ይፈለጋል። ሰው ስለማይታመን ስክሪኑ ያለው ይጸና፤ ይህን ማኅበሩ ወስኗል አሉ። አስቻለች ሐሳቡን ወደደችው።

ሥራው ቀላል ነበር። ተራ አስከባሪው መኪኖች ሲገቡ ታርጋቸውን በታብሌት ይመዘግባል፤ አንዱ ሲወጣ ‹ወጣ› የሚለውን ይነካል። ቴሌቪዥኑ ላይ ‹ተረኛ› ከሚለው ጎን የሚታየው ከዝርዝሩ የመጀመሪያው ነው። አስቻለች በቋንቋዋ የጻፈችው ይህንኑ ነው፤ ተረኛ ማለት የዝርዝሩ የመጀመሪያ ማለት ነው፣ በቃ። ዝርዝሩ ሲለወጥ ተረኛው ራሱ ይለወጣል። ሊሰቀል አንድ ቀን ሲቀረው ግን አቶ ሰማኸኝ አንድ ነገር ጨመሩ። የተረኛው መኪና ጎማ ቢተነፍስ፣ ሹፌሩም ቢጠፋ፣ ተራ አስከባሪው ቀጣዩን ማሳለፍ ይቻለው አሉ። አስቻለች በችኮላ ‹ይለፈው› የሚል ቁልፍ ሠራች።

ተራ አስከባሪው አንጁሎ ይባላል። የኣሪ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ ሃምሳን ያለፈ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። ከከተማው ዳር የእንሰትና የቡና ጓሮ አለው፤ ከመናኸሪያው ሥራ በፊትና በኋላ እዚያ ይውላል። ታብሌቱን ሲሰጡት በሁለት እጁ ተቀብሎ የሚነካውን ሁሉ በጥንቃቄ አጠና።

ሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ ዝናቡ ገባ። የአልዱባ ገበያ በሚውልበት ቀን ጠዋት፣ የተረኛው መኪና ጎማ በጭቃው መንገድ ተቀድዶ ኖሮ አንጁሎ ቀጣዩን አሳለፈ። ቀጣዩ ሞልቶ ሄደ። ስክሪኑ ግን እሱኑ ‹ተረኛ› እያለ ቀረ። መኪናው ከአልዱባ ሲመለስ ስክሪኑ አሁንም ታርጋውን እንደያዘ ነው፤ ስክሪኑ ያለው ይጸናል ተብሏልና እንደገና ጫነ። ከሰዓት በኋላም ለሦስተኛ ጊዜ። ወረፋ የያዙ ሹፌሮች በስምሪት ክፍሉ መስኮት ተሰብስበው ጮኹ። የባሰው ደግሞ መኪናው የአንጁሎ እህት ባል የቦሼ ነበር።

ወሬው ማታውን አስቻለች ጋ ደረሰ። ‹ስክሪንሽ ዘመድ ያውቃል› አሏት። እሷም አላስተባበለችም፤ የሰው እጅ እንዳለበት ወዲያው ጠረጠረች። በማግስቱ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ ደብተር ይዛ ተቀመጠች። አንጁሎ አላያትም። ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ‹ይለፈው› የሚለውን ቁልፍ አሥራ አንድ ጊዜ ሲነካ ቆጠረች። በነካ ቁጥር ቀና ብሎ ቴሌቪዥኑን ያያል፤ ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ሰው ያያል። አስቻለች ሰዓቱንም ታርጋውንም ጻፈች። ቁልፉ የተሠራው ለብልሽት ነው፤ በአራት ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ መኪና አይበላሽም። ሌባ የሚይዝ ሰው የሚሰማው ዓይነት ቅዝቃዜ ተሰማት።

ደብተሩን ለአቶ ሰማኸኝ አሳየቻቸው። በዚያው ቀን ማኅበሩ የአንጁሎን ባጅ ተቀብሎ ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ አገደው። አንጁሎ ብዙ አልተናገረም ይባላል። ታብሌቱን ጠርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ሄደ።

አስቻለች ግን አልረካችም። አንጁሎ ቁልፉን መንካት እንጂ ፕሮግራሙን መቀየር አይችልም፤ ስክሪኑን ያቆመው ሌላ እጅ መኖር አለበት አለች ለራሷ። ፋይሎቹን ከፈተች። ከሁሉ በኋላ የተነካው የቴሌቪዥኑ ገጽ ሲሆን፣ ነገሩ ከመጀመሩ አምስት ቀን በፊት የነካችው ሰሊማ ነበረች። የሰሊማ አጎት ሚኒባስ እንዳላቸው ትዝ አላት። ሰሊማ ሰሞኑን ስልኳን ቶሎ ቶሎ እንደምታይም ትዝ አላት። አንድ ነገር ከጠረጠሩ በኋላ ትዝ የማይል ነገር የለም። የይለፍ ቃሉን ቀየረችው።

ሰሊማ በማግስቱ ገብታ ላፕቶፑን ከፈተች፤ ሞከረች፣ ደገመች።

«እትዬ አስቹ፣ አልከፍትም አለኝ።»

«ቀይሬዋለሁ» አለች አስቻለች፣ ከኮፒው ማሽን ዞር ሳትል። «ባለፈው የቴሌቪዥኑን ገጽ ከፍተሽ ምን አደረግሽበት?»

«ፊደሉን ነው ያሳደግኩት። ከሩቅ አይነበብም ያልሽኝ አንቺ ነሽ።» ሰሊማ ላፕቶፑን ዘጋችው። «ከአንጁሎ ጋር አንድ ነሽ ልትዪኝ ነው?»

አስቻለች ማሽኑ ላይ ወረቀት መጨመር ቀጠለች። ሰሊማ ሻርፗን አስተካክላ፣ ቻርጀሯን ነቅላ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። አልተቆጣችም፤ ቢያንስ ፊቷ ላይ አልታየም። አስቻለች ይህንንም ጠረጠረችው፤ ንጹሕ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር አለች።

ማኅበሩ የመጨረሻውን ውሳኔ ሊሰጥ የተቀጠረው ለቅዳሜ ነው። አስቻለች ማስረጃዋን አሟልታ መቅረብ ፈለገች። የራሷን ማስረጃ እንኳ ሳትፈትሽ አታምንምና፣ ዓርብ ጠዋት ኮፒ ቤቱን ዘግታ መናኸሪያውን ጠረጴዛዋ ላይ ሠራች። ተመሳሳይ ታብሌት በአንድ በኩል፣ ላፕቶፑን በቴሌቪዥኑ ቦታ አኖረች፤ ከደብተሯ ታርጋዎቹን አስገባች። የመጀመሪያውን ‹ወጣ› አለችው፤ ተረኛው ተለወጠ። ሁለተኛውን አስወጣች፤ ተለወጠ። ከዚያ ‹ይለፈው›ን አንድ ጊዜ ነካች። ቀጣዩ መጣ። እሱን አስወጣችው።

ስክሪኑ አልተንቀሳቀሰም።

ሌላ መኪና አስወጣች፤ ሌላም። የወጣው መኪና ‹ተረኛ› እንደተባለ ቆመ። ቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው የለም፤ አንጁሎ የለም፣ ሰሊማ የለችም። ዘግታ ከፈተችው፣ ከመጀመሪያው ደገመችው። ቁልፉ እስካልተነካ ድረስ ልክ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነካ በኋላ ዝርዝሩ ቢለወጥም ስክሪኑ አይሰማም። ቁልፉን እንደገና ከነካችው ወደ ትክክለኛው ይሄድና እዚያ ይቆማል።

ያን ጊዜ አሥራ አንዱ ንክኪ ገባት። አንጁሎ መኪና በወጣ ቁጥር የቆመውን ስክሪን በእጁ ሲገፋው ነው የዋለው። ዞር ዞር ብሎ ሰው ያየውም የሚቀጥለውን ተረኛ ፈልጎ ነው። ደብተሯን አወጣች። በዚያን ቀን ስክሪኑ ሁለት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ነበር፤ አንዴ ዳርጌ በሚባል ሹፌር መኪና ላይ፣ አንዴ ባለቤቱን በማታውቀው መኪና ላይ። ሁለቱም የአንጁሎ ዘመድ አይደሉም። ቆጥራ የጻፈችው ራሷ ናት፤ ስትጽፈው ግን አላየችውም። ሰው ሁሉ የያዘው የቦሼን መኪና ብቻ ነው።

የቁልፉን ኮድ ከፈተች። ራሷ የጻፈችው መስመር ነው፤ ከጎኑ ያኖረችው ቀንም አለ። በቁልፉ ውስጥ ‹ተረኛው አሁን ይህ መኪና ይሁን› ብላ አዝዛለች። ቋንቋው ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፤ ‹ተረኛ ሁልጊዜ የዝርዝሩ የመጀመሪያ ነው› ተብሎ የተነገረው ነገር ላይ እጅ ገብቶ አንድ ዋጋ ከጻፈበት፣ የቀድሞው ቃል ያኔውኑ ይፈርሳል። አያስጠነቅቅም፣ አይጮኽም። ከዚያ በኋላ የሚያውቀው በእጅ የተጻፈለትን ብቻ ነው። ለጀማሪ ሁሉ የሚነገር ስህተት ነው፤ ለሰሊማም አንድ ጊዜ ራሷ አስረድታታለች።

አስተካክሎ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ማንም አያውቅም፤ አንጁሎ ይባረራል፣ አዲሱ ተራ አስከባሪ በአዲሱ ፕሮግራም ይሠራል፣ ስክሪኑ ተሻለው ይባላል። አስቻለች ይህን አላሰብኩም አትልም፤ ጥቂት ጊዜ አስባዋለች። ማረሙ የአንድ ሰዓት ሥራ ሆነ። ቁልፉ ተረኛውን እንዳይነካ አደረገች፤ ይልቁንም የተዘለለውን መኪና ‹ተዘሏል› ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ተረኛ ማለት ደግሞ ካልተዘለሉት የመጀመሪያው ነው ብላ ጻፈች። ሃያ ጊዜ ነካካችው፤ አልቆመም። የአሮጌውን ቅጂ ግን አላጠፋችም።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዛ አንጁሎ ቤት ሄደች። ከእንሰቱ መሀል አገኘችው፤ እጁን በቅጠል ጠርጎ ወንበር አወጣላት። ጥፋቱ የእኔ ነው አለችው፤ እንዴት እንደሆነም ነገረችው። እስክትጨርስ ሰማት።

«ጭማቂ ቤት ተቀምጠሽ ነበር አሉኝ» አለ አንጁሎ። «አየሽኝ። መንገዱን ተሻግረሽ ለምን ትነካለህ ብትዪኝ እነግርሽ ነበር።»

ከዚያ አንጁሎ ስለ ዝናቡ አወራት።

ቅዳሜ ስትቀርብ የመናኸሪያው ስምሪት ክፍል ሞልቷል። ነገሩን ከመጀመሪያው ተናገረች። ስትጨርስ አቶ ሰማኸኝ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ትናንት አንጁሎ ቤት ምን ልትሠሪ ሄድሽ?»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። አንዱ ሹፌር ‹ረቡዕ ከሳሽ፣ ቅዳሜ ጠበቃ› አለ። አስቻለች ያን ጊዜ በሰው ላይ ስታሳርፍ የኖረችው ዓይን በእሷ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል አወቀች። እምላለሁ አላለችም፤ ሰው ሲምልላት እሷም አምና አታውቅም። አሮጌውን ቅጂ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተችና ታብሌቱን ለአቶ ሰማኸኝ ሰጠቻቸው።

«እኔ አልነካም። እርስዎ ይንኩት።»

የዚያን ቀን ዝርዝር ላይ የዳርጌ መኪና አንደኛ፣ የአቶ ሰማኸኝ ሁለተኛ ነበር። ሊቀ መንበሩ የዳርጌን ለመዝለል ‹ይለፈው›ን ነኩ፤ የራሳቸው መኪና ተረኛ ሆኖ ወጣ። ‹ወጣ› በሉት አለቻቸው፤ አሉት። ታርጋቸው ከስክሪኑ አልወረደም። ሌላ አስወጡ፤ ታርጋቸው እዚያው ነው። ‹ወጣ› የሚለውን ደጋግመው በጣታቸው ጠበቅ አድርገው ነኩት። ዳርጌ፦ «ጋሼ፣ ስክሪኑ የእርስዎም አማች ነዋ» አለ። ሳቁ ወለሉን ነቀነቀው። አቶ ሰማኸኝ አልሳቁም፤ ዙሪያቸውን የሚያዩአቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አዩ። ቀጥላ አዲሱን ቅጂ ከፈተችላቸው፤ ያንኑ ደገሙ፤ አልቆመም።

አንጁሎ ሰኞ ባጁ ተመለሰለት። ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ። «እኔ ስነካ ሰው ሁሉ ይይ። ለምን እንደነካሁም ይጻፍ» አለ። አስቻለች ከተረኛው ስር አንድ መስመር ጨመረችለት፤ ‹ጎማ›፣ ‹ነዳጅ›፣ ‹ሹፌር የለም› እያለ ከነሰዓቱ ይታያል። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ሰሞን አንገታቸውን አስግገው ያነቡት ነበር፤ ሲቆይ ተዉት።

ከሰሊማ ጋር የነበረው እንዲህ አልተቃናም። አስቻለች ቤቷ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። ሰሊማ በደንብ ተቀበለቻት፣ ለስላሳ አቀረበችላት፣ ይቅር ብያለሁ አለቻት፤ ወደ ኮፒ ቤቱ ግን አልተመለሰችም። በሐምሌ፣ ሃና በምትባል ራቅ ያለች ከተማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ሥራ አግኝታ ሄደች። መኪና እንደልብ ስለሌለ ወደ ጂንካ የምትመጣው በወር አንድ ጊዜ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ የወረዳውን የክትባት መመዝገቢያ ገጽ ሠርታ፣ ሥራውን አይተሽ አስተያየት ስጪኝ ብላ በፍላሽ ላከችላት። አስቻለች ፍላሹን ከመክፈቷ በፊት ቫይረስ እንዳለበት ፈተሸች።

ስታነበው አንድ ቦታ ላይ ዓይኗ ቆመ። ሰሊማ ‹ሁልጊዜ ይህ ነው› ተብሎ በተነገረ ነገር ላይ በእጇ ዋጋ ጽፋበታለች፤ ያንኑ ስህተት። ደወለችላት። ሃና ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በሦስተኛው ገባላትና ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ነገረቻት።

«አይቼዋለሁ» አለች ሰሊማ። «ሆን ብዬ ነው። ነርሷ ቀኑን አንዴ ካረመችው በኋላ ራሱ እንዳይለወጥባት ነው የፈለግሁት።»

አስቻለች መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ተቀምጣ አሰበች። ሰበብ ይሆናል አለች በልቧ። ገጹን ከፈተች፣ ቀን አስገባች፣ አረመችው፣ ሌላውን ሁሉ ለወጠች። ቀኑ ነርሷ እንደጻፈችው ቆየ። ሦስት ጊዜ ሞከረችው፤ ሦስቴም ልክ ነበር። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ለሰሊማ ‹ልክ ነሽ› ብላ ጻፈችላት። መልእክቱ ሃና የደረሰው በማግስቱ ነው።